መጀመሪያ አፎቱን

እስኪ ኪሳችሁን ዳበስ ዳበስ አድርጉና የጅቡቲ ሳንቲም ካገኛችሁ አውጡት፤ የ100 ፍራንኩ ቢሆን ይመረጣል። በአንደኛው ፊቱ ግመሎች አሉ። እሱን ገልብጡት። ጋሻ ታያላችሁ፤ ከጋሻው ኋላ ቀጥ ብሎ የቆመ ጦር፣ ከጦሩ ጫፍ ኮከብ፣ ከግራና ከቀኝ ደግሞ ወደ ላይ የተዘረጉ ሁለት እጆች። እያንዳንዱ እጅ ስለት ጨብጧል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 1977 ነፃ የወጣችው አገር አርማ ነው። ሁለቱ እጆች የአፋርና የኢሳ ናቸው፣ ኮከቡ አንድነታቸው ነው ይባላል። እኔን ግን ሳንቲሙን ባየሁ ቁጥር የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ስለቶች ራቁታቸውን ናቸው። አፎታቸው የታለ?

ለአርማ ግድ የለም፤ አርማ አይዝግም። የእናንተ ቢላዋ ግን የሚያድረው ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ነው።

ዛሬ የምናወራው ስለ መስክ ቢላዋ ነው። የወጥ ቤቱን ማለቴ አይደለም፤ የጠብ ጩቤም አይደለም። ገመድ የሚቆርጥ፣ እንጨት የሚጠርብ፣ ፍየል የሚገፍ፣ ዓሣ የሚከፍት፣ አንድ ሰው ከከተማ ሲወጣ ይዞት የሚወጣው ቢላዋ። በዲኪል አድርጋችሁ ወደ ገላፊ የምትመላለሱ ሾፌሮችና ረዳቶች፣ ዓርብ ዓርብ ወደ አሳል ሐይቅ ወይም ወደ ዳይ ደን የምትወጡ፣ በትንሽ ጀልባ ዓሣ የምታጠምዱ፣ ጉዳዩ የእናንተ ነው። ፈረንጆች በጥቂት መሣሪያ ዱር ውስጥ መኖርን እንደ አንድ ጥበብ ይማሩታል። መጽሐፍ ይጻፍበታል፣ ለሥልጠና ይከፈልበታል። ካናዳዊው ሞርስ ኮሃንስኪ እ.ኤ.አ. በ2019 እስካረፈ ድረስ ብዙ ዕድሜውን ያሳለፈው ይህንኑ በማስተማር ነው። የእኛ እረኛ ይህን ቢሰማ መሳቁ አይቀርም፤ እሱ የሚያውቀውን ነገር ገንዘብ ከፍለው ይማሩታል። ያም ሆኖ ፈረንጆቹ ስለ ቢላዋ የጠየቋቸው ጥያቄዎች ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሱ ነው ከአገር አገር የሚለያየው።

ቢላዋ ስንገዛ ሁላችንም የምንሮጠው ወደ ስለቱ ነው። በአውራ ጣታችን ዳሰስ እናደርገዋለን፣ የክንዳችንን ፀጉር እንላጭበታለን፣ ለሻጩም «ይቆርጣል?» እንለዋለን፤ «አይ፣ አይቆርጥም» የሚል ሻጭ እስካሁን አልገጠመኝም። አፎቱ ምርቃት ነው፤ ማንም አያየውም። እኔ የምለው የተገላቢጦሹን ነው። በዚህ ከተማ መጀመሪያ አፎቱን ምረጡ።

ይህን የተማርኩት በገዛ ገንዘቤ ነው። ወጣት ሳለሁ የከባድ መኪና ረዳት ነበርኩ። ወደብ ገብተን ለመጫን ተራ ስንጠብቅ ቀን ይቆጠራል፤ ሥራ የለም፣ ጥላ የለም፣ ያለው ሙቀትና ወሬ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ከአንድ መንገድ ዳር ሻጭ ቢላዋ ገዛሁ። አፎቱ ጥቁር ቆዳ፣ ዳርና ዳሩ በናስ ምስማር የተዋበ። ታጠቅሁት። በዚያው ቢላዋ ዓሣ ከፈትኩ፣ በሱሪዬ ጠረግ አድርጌ መለስኩት። በማግስቱም እንደዚያው። ላቤ አለ፣ የባሕሩ ወበቅ አለ። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ጭነን ወጣን። ዲኪል ስንደርስ ጋሼ ሐብሐብ ገዙ፤ ጋሼ የምላቸው ሾፌሬን ነው። «በል እንግዲህ፣ ያን ጌጥህን አምጣው» አሉኝ።

ሳብኩት። እምቢ አለ። አፎቱን በጉልበቴ ይዤ እንደገና ሳብኩት፤ ሲወጣ ብርቱካንማ ሆኖ ወጣ፣ የቆዳው የውስጥ ፊት ከብረቱ ጋር ተጣብቆ እየተላጠ መጣ። ጋሼ ተቀብለው አገላበጡትና «ይሄን ማን ገደለው?» አሉ። እኔ ምን እላለሁ፤ ዝም። «ዓሣው እንዳይመስልህ፤ ቤቱ ነው የገደለው» ብለው አፎቱን በሁለት ጣት አንጠልጥለው አሳዩኝ። ሐብሐቡን የበላነው በእሳቸው ቢላዋ ነው።

የእሳቸው ቢላዋ ጌጥ አልነበረውም። ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ፣ ጥቁር፣ አፉ ብቻ የሚያበራ። ሲያድር አፎቱ ውስጥ አያድርም፤ በሞራ በታሸ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከመቀመጫቸው ሥር ይገባል። አፎቱ ለብቻው መስኮት አጠገብ ተሰቅሎ ንፋስ ይመታዋል። እኔ ያኔ የሽማግሌ አመል ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ አመል አይደለም። ብረት የሚዝገው እርጥበትና አየር ሲያገኘው ነው። ጨው ሲጨመርበት ዝገቱ ይፋጠናል፤ ጨዋማ ውሃ ከንጹሕ ውሃ ይልቅ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ዝገት ደግሞ በመሠረቱ ብረቱ ላይ የሚሄድ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። ሌላም ተንኮል አለው። ጨው ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። የገበታችሁ ጨው በክረምት ለምን እንደሚረጥብ አስቡት። ጅቡቲ ከተማ ደግሞ በሦስት በኩል ባሕር የከበባት ናት፤ እዚህ ክረምት የሚባል ነገር ባይኖርም ጨው ዓመቱን ሙሉ አየር ላይ ነው። አሳል ሐይቅ ስትወርዱማ ነገሩ ሌላ ነው። ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ላይ የተኛው ያ ውሃ ጨውነቱ የተራውን ባሕር ዐሥር እጥፍ ያህላል። እዚያ የጨው ቅርፊት የቆረጠ ቢላዋ የዚያኑ ቀን በንጹሕ ውሃ ታጥቦ መድረቅ አለበት። ለራሳችሁ ከያዛችሁት መጠጥ ውሃ ላይ አንድ ኩባያ ለቢላዋው ቀንሱለት፤ ስስት አያስፈልግም።

እንግዲህ ቆዳ አፎት ምን ያደርጋል? ቆዳ ይጠጣል። ላቡን፣ የዓሣውን ውሃ፣ የባሕሩን እርጥበት ይጠጣና ከብረቱ ጋር አጣብቆ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በላይ ሲለፋ የገባበት ኬሚካል በውስጡ አለ። የፋብሪካ ቆዳ ብዙውን ጊዜ በክሮሚየም ጨው የለፋ ነው፤ የተቆረጠ ጠርዙን ስታዩት ወደ ሰማያዊ ግራጫ ያደላል። በዛፍ ልጥና በተክል የለፋው ጠርዙ ድረስ ቡናማ ነው፤ ለአፎት የሚሻለውም ይኸኛው ነው፤ ቅርጹን ይዞ ይደርቃል። ግን እሱም ቢሆን የማደሪያ ቤት አይደለም። የናስ ምስማር ያለበት ከሆነ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ምስማሩ ሥር አረንጓዴ ነገር ሲያወጣ ታያላችሁ። ናሱ ከቆዳው ቅባትና አሲድ ጋር እየተጣላ ነው ማለት ነው። የእኔ አፎት አንገቱ አካባቢ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ነበር፤ እኔ ግን ቀለም መስሎኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ብዬ ቆዳ አትግዙ አልልም። ቆዳ ድምፅ የለውም፣ ስለት አያደነዝዝም፣ ሲቀደድ ይሰፋል፤ ሊስትሮም ቢሆን ይሰፋላችኋል። ብቻ ስትመርጡ እንዲህ እዩት። ስፌቱን አገላብጡ። ስለቱ በሚያርፍበት በኩል፣ በሁለቱ ቆዳ መካከል ሌላ ጠባብ የቆዳ ቁራጭ ገብቶ አብሮ ተሰፍቷል? ይህች ቁራጭ ከሌለች ስለቱ በገባና በወጣ ቁጥር ክሩን ይቆርጣል፤ አንድ ቀን ቢላዋው በጎን ብቅ ይልና ጭናችሁን ያገኛል። በርካሽ አፎት ላይ ከሁሉም በፊት የምትቀረው ይህች ቁራጭ ናት። ቀጥሎ ጥልቀቱን እዩ። ጥሩ አፎት ቢላዋውን ብቻ ሳይሆን የእጀታውን ሲሶ ያህል ይውጣል። ዘቅዝቃችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ከወደቀ መልሱለት። ከጫፉ ላይ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ከሌለው አትከራከሩ፤ በወስፌ ራሳችሁ ትበሱታላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ለወጣቶቹ ልንገራቸው። ቢላዋ ከአፎት ስታወጡ አፎቱን የምትይዙት በጀርባው በኩል ነው። መዳፋችሁን በስለቱ በኩል ጠቅልላችሁ ከያዛችሁትና ስፌቱ ያረጀ ከሆነ፣ አራቱን ጣታችሁን በአንድ ስበት ታገኙታላችሁ። ይህ ሲሆን አይቻለሁ፤ ዝርዝሩን በሬዲዮ አልተርክም።

ለጠረፉ ኑሮ የእኔ ምርጫ ፕላስቲክ አፎት ነው። ውበት የለውም፤ ውሃ ግን አይጠጣም፣ ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል። ፋብሪካ የሠራው ካልተገኘ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ በቂ ነው። የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ቧንቧ ፈልቶ በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይለሰልሳል፤ ቢላዋውን በወፍራም ወረቀት ጠቅልላችሁ ውስጡ አስገቡትና በሁለት ጣውላ መካከል ተጫኑት፣ ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይይዛል። በእሳት ነበልባል ላይ ግን አትሞክሩት። ያ ቧንቧ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ሳንባ የሚያቃጥል አሲድ አለበት። ሌላ ጉድለትም አለበት። በውሃ የለሰለሰ ነገር በፀሐይም ይለሰልሳል፤ ሐምሌ ላይ ከመኪናው የፊት መስታወት ሥር ትታችሁት ብትሄዱ ስትመለሱ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተጣምሞ ትጠብቁታላችሁ።

እስኪ አሁን ወደ ከተማው እንግባ። የእኛ ሰዎች ምኒልክ አደባባይ የሚሉት፣ በይፋ ስሙ የሰኔ 27 አደባባይ፣ አካባቢ የመታሰቢያ ዕቃ ሻጮች አሉ። እንግዳ ሁሉ አንድ ነገር ያነሣል፤ ጊሌ። የአፋር ጊሌ ቆንጆ ነው፤ ማንም አይክድም። እንደ ጨረቃ የጎበጠ፣ ሁለት አፍ ያለው፣ ከሆድ ፊት ለፊት ሰያፍ ሆኖ የሚታጠቅ። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1934 ከአዋሽ ተነሥቶ የአፋርን ምድር አቋርጦ ታጁራ እስኪደርስ ድረስ በየመንገዱ ያገኘው ወንድ ሁሉ ወገቡ ላይ ጊሌ ነበረ። ሱማሌዎቹም የራሳቸው አላቸው፤ ስሙን «ቢላዌ» ይሉታል፤ ከእኛው «ቢላዋ» ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ልብ በሉ። ከባብ ኤል መንደብ ማዶ ያሉት የመኖች ደግሞ ጀምቢያቸውን ይታጠቃሉ። ሦስቱም ሁለት አፍ ናቸው።

ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ሁለት አፍ ያለው ስለት ጀርባ የለውም። እንጨት ስትጠርቡ አውራ ጣታችሁ ቢላዋው ጀርባ ላይ አርፎ ይገፋል፤ ጊሌ ላይ ወዴት ያርፋል? ማገዶ ለመሰንጠቅ ቢላዋውን እንጨቱ ላይ አድርጋችሁ ጀርባውን በዱላ ትመታላችሁ፤ ጊሌን ብትመቱት የምታደነዝዙት ሌላኛውን አፉን ነው። ብልጭታ የሚሰጠውን የእሳት ብረት የሚፍቀውም ጠርዙ ቀጥ ያለ የቢላዋ ጀርባ ነው። ጊሌ የተሠራው ለሌላ ነገር ነው፤ ለመከላከያና ለክብር። የክብር ልብስ ለብሳችሁ ጭቃ አታቦኩም። ይህን ስል ጊሌን ዝቅ ማድረጌ አይደለም፤ እንደውም ከፈረንጅ መጽሐፍ ሁሉ ይልቅ ስለ አፎት ያስተማረኝ እሱ ነው።

አንደኛ ነገር፣ ብዙዎቹ የጊሌ አፎቶች ቆዳ ብቻ አይደሉም። ውስጣቸው እንጨት ነው፤ ቆዳው ከላይ የለበሰ ነው። እንጨቱ ቅርጹን ስለሚይዝ እርጥብ ቆዳ ብረቱ ላይ አይለጠፍም፤ ባለቤቱ ቢወድቅም ጫፉ ቆዳውን በስቶ ሆዱን አያገኝም። ሁለተኛው አታጣጠቁ ነው። አፋሩ ቁጢጥ ሲል፣ ግመል ላይ ሲወጣ፣ ሲሮጥ፣ ጊሌው ከፊቱ ስላለ ምንም አይነካውም፤ እጁም ሳያይ ያገኘዋል። እኛ ደግሞ እንደ ፊልም ተዋናይ ዳሌያችን ላይ እናንጠለጥልና መኪና ውስጥ ስንቀመጥ እጀታው ጎድናችንን ይወጋናል፣ ስንወርድ በሩ ላይ ይያዛል። ጋሼ ቢላዋቸውን ሲይዙ ከፊት ለፊት፣ ከቀበቷቸው ሰያፍ አድርገው ነበር። ከማን እንደተማሩት አልነገሩኝም፤ ሠላሳ ዓመት አፋር ምድር የተመላለሰ ሰው መጠየቅ አያስፈልገውም። እርግጥ ይህ ለመንገድና ለበረሃ ነው። በከተማ፣ በገበያና በወደብ በር ላይ ቢላዋ ወገብ ላይ አይታይም፤ ከዕቃ መሐል ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

አፎቱ ተመረጠ እንበል። ወደ ብረቱ እንምጣ። የገበያው ክርክር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የማይዝግ ይሻላል ወይስ ተራው ብረት? መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። የማይዝግ የሚባል ቢላዋ የለም፤ ዝገት የሚከብደው ቢላዋ ነው ያለው። ብረት ውስጥ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ሲገባ በላዩ ላይ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ይሠራል፣ ሲጫርም መልሶ ይሸፍናል። ጨው ያንን ሽፋን ይበሳዋል። ስለዚህ እዚህ ከተማ ስቴንለሱ ቢላዋ እንደ ተራው ብረት ሙሉ በሙሉ አይቀላም፤ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ ጥቋቁር ነጥቦች ያወጣል፣ ነጥቦቹም ወደ ውስጥ ይቆፍራሉ። ቢሆንም ለባሕር ዳር ሰው እኔ የምመክረው ክሮሚየሙ 13 በመቶ አካባቢ የሆነውን ነው። የስዊድኖቹ የሞራ ቢላዎች የሚሠሩበት የማይዝግ ብረት ከዚህ ዓይነት ነው። ሞራ የቦታ ስም ነው፤ ቢላዋ በመሥራት የታወቀች የስዊድን ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ የቢላዋ ፋብሪካ አለባት። ለእኛ ጆሮ ግን ሞራ ያው የምናውቀው ሞራ ነው፤ ጋሼ ቢሰሙ «ድሮም ያለ ሞራ ቢላዋ አለ እንዴ!» ማለታቸው አይቀርም ነበር።

ቢላዋው ወደ ደጋ የሚወጣ ከሆነ፣ ደሴ፣ ደብረ ብርሃን፣ አየሩ ጨው ወደሌለበት፣ ተራው የካርቦን ብረት ጌታ ነው። ቶሎ ይሳላል፣ በወንዝ ድንጋይም ቢሆን እሺ ይላል፣ ስለቱን ይይዛል። ባሌስትራ ጥሩ የሆነውም ለዚህ ነው። የመኪና ባሌስትራ ብረት ብዙውን ጊዜ 0.6 በመቶ ያህል ካርቦን አለው፤ ለሺህ ኪሎ ጭነት እየታጠፈ የሚመለስ ብረት ነው፣ ቢላዋ ሲሆንም በቀላሉ አይሰበርም። ቀጥቃጩ በወናፍ እየነፋ ያግለዋል፣ በጉጠት ይዞ መስፉ ላይ ይቀጠቅጠዋል፤ መስፉ ራሱ አንዳንዴ የአሮጌ ሀዲድ ቁራጭ ነው። ትልቁ ምሥጢር ግን መቀጥቀጡ ላይ አይደለም፤ የማጋያና የማብረጃው ሰዓት ላይ ነው። ብረት 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ከዚያ ጥቂት አልፎ ዘይት ውስጥ ሲነከር እንደ ጠርሙስ ይጠነክራል፤ እንደ ጠርሙስም ይሰበራል። ስለዚህ እንደገና በ200 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፣ ፊቱ የገለባ ቀለም እስኪይዝ ድረስ። ሰማያዊ ከሆነ አልፏል፤ ስለቱ ይለሰልሳል። የድሮ ቀጥቃጭ ቴርሞሜትር አልነበረውም፤ ዓይኑ ነበረ። ለዚህ ዓይኑ የተከፈለው ግን ስድብ ነበር። አገሩ በሙሉ በእጁ ሥራ እያረሰና እየበላ ባለእጁን ሲያንቋሽሽ፣ አፄ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን ወዲያው አላቆመውም፤ ነገሩ ሌላ ዝግጅት ይወጣዋል፣ ልለፈው።

የካርቦን ብረት ይዛችሁ ጠረፍ ከቀራችሁ አንድ ዘዴ አለ። ቢላዋውን በሳሙና አጥባችሁ ቅባቱን አስለቅቁና አቼቶ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት አቆዩት፤ ሎሚም ይሆናል። ግራጫ፣ ጠቆር ያለ መልክ ይይዛል። ይህ ግራጫ ሽፋን ቀዩን ዝገት ያዘገየዋል። የጋሼ ቢላዋ ጥቁረት ከየት እንደመጣ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ሎሚና ሽንኩርት ሲቆርጥ የኖረ ቢላዋ በራሱ ጊዜ ይጠቁራል። ከዚያ ላይ ሞራ። ሞራው ጨው ያልነካው መሆን አለበት። የምግብ ዘይት ሲቆይ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ አቧራ ይይዛል፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደግሞ ሐብሐብ በሚቆርጥ ቢላዋ ላይ አይደረግም፣ ስንት ሾፌር እንደሚያደርገው ባውቅም።

መጠኑ ብዙ አያከራክርም። ርዝመቱ የመዳፋችሁን ስፋት ያህል፣ 10 ሴንቲ ሜትር ወይም ትንሽ ከዚያ በለጥ ያለ፤ ውፍረቱ ጀርባው ላይ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ። የቁርጥ ቤት ቢላዋ ቀጭንና ረጅም ነው፣ ሥጋ ላይ ተአምር ይሠራል፤ ደረቅ ግራር ላይ ብታሳርፉት ግን አፉ ይሸረፋል። በየመንገዱ ዳር የወረረን ፕሮሶፒስ የሚሉት እሾኻም ዛፍም ለስስ ቢላዋ አይመለስም። ጫት ብቻ ነው ቢላዋ የማይፈልገው፤ እሱ እኩለ ቀን ላይ ሲደርስ ደግሞ ሥራው ሁሉ ስለሚቆም ነገሩ ይቻቻላል።

እጀታ ላይ ፈረንጆቹ አንድ ሕግ አላቸው፤ ብረቱ በእጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻው ጫፍ ይዝለቅ ይላሉ። ጥሩ ሕግ ነው፤ በዱላ ሲመታ የማይነቀለው እንዲያ ያለው ነው። ግን እንደ ሃይማኖት አትያዙት። ብረቱ በእጀታው ዳርና ዳር የሚታይ ከሆነ በሰሜን አገር ብርድ እጅ ያደርቃል፤ እዚህ ደግሞ ፀሐይ ላይ የቆየ እንደሆነ መዳፍ ይጠብሳል። የወይራ እጀታ ከማንኛውም ጎማ ይሻላል፤ ርካሹ ለስላሳ ጎማ በሙቀት እየተለቀቀ እጅ ላይ እንደ ማስቲካ ይጣበቃል።

አንድ ዓይነት ቢላዋ ግን በጭራሽ አትግዙ። ጀርባው መጋዝ፣ እጀታው ባዶ ቱቦ፣ ከኋላው ኮምፓስ የተደፋበት፣ በውስጡ ክብሪትና መርፌ። ይህን ፋሽን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የራምቦ ፊልም ነው፤ የፊልሙ ቢላዋ በባለሙያ የተሠራ ነበር፣ ገበያ የሞላው ቅጂው ግን ብረቱ ከቱቦው ጋር የተያያዘው በአንዲት ብሎን ነው። አንድ ልጅ በዚህ ዓይነቱ ቢላዋ የመኪና ጎማ ላስቲክ ሲቆርጥ አይቼዋለሁ፤ ስለቱ ላስቲኩ ላይ ቀረ፣ ልጁ ኮምፓሱን ይዞ ቆመ።

ገበያ ስትወጡ ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ኪሳችሁ ይኑር። ይህን ሬዲዮ አይደለም ያልኩት፤ ከተበላሸ ነው። ብዙ ሰው ማግኔት የማይስበው ስቴንለስ ጥሩ ነው ይላል። ለማንኪያና ለብረት ድስት እውነት ነው። ለቢላዋ የሚሆነው የማይዝግ ብረት ግን ማግኔት ይስበዋል፣ ምክንያቱም በእሳትና በዘይት መጠንከር የሚችለው እሱ ዓይነቱ ነው። ማግኔታችሁ ቢላዋው ላይ ካልተለጠፈ የያዛችሁት ቢላዋ የመሰለ ማንኪያ ነው። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ ደግሞ እጀታው ሥር፣ ከማይታይ ቦታ ላይ፣ በትንሽ ሞረድ ነካ አድርጉት። ሞረዱ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንካራ ነው፤ ነክሶ ከላገ ለስላሳ ነው። ሻጩ ፈቃደኛ ካልሆነ አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን አልፈቅድም።

ጋሼ መንዳት ሲያቆሙ ለእኔ ቢላዋቸውን ይሰጡኛል ብዬ ነበር። ቢላዋውን ለልጃቸው ሰጡት። ለእኔ የሰጡኝ አፎቱን ነው፤ ባዶውን። እንጨት ያለበት፣ ቆዳ የለበሰ፣ ጫፉ ላይ በወስፌ የተበሳ ቀዳዳ ያለው። አሁንም ቢላዋ ልገዛ ስወጣ ይዤው እወጣለሁ። ባዶ አፎት ይዞ በየመደቡ የሚዞር ሰው ሲያዩ ሻጮቹ ይሳሳቃሉ። አንዱ ባለፈው «ቢላዋው የት ጠፋብህ?» አለኝ።

«ገና አልገዛሁትም» አልኩት።